ሳያልቅ የሚወጡት ሚስተር ኦልድሮይድ

በዚህ አገር ኳስ ሜዳ ካለ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተነስቶ የሚወጣ ሰው አለ። ሣሩ ሊደርቅ ይችላል፤ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ዳኛው መንገድ ተዘግቶበት ሊያረፍድ ይችላል። ሳያልቅ የሚወጣው ሰውዬ ግን ቀርቶ አያውቅም። ሃምሳ ሺህ ሰው በሚይዙት ትልልቅ ስታዲየሞች እንደሱ ያሉት ብዙ ስለሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። እንደኛ አራት ሺህ ሰው በሚይዝ፣ ጣሪያው በሦስት ቦታ በሚያፈስ ሜዳ ግን ሰውዬው አንድ ነው። ስሙ ይታወቃል፤ ኮቱ ይታወቃል፤ የሚነሳባት ደቂቃም ትታወቃለች።

የኛው ክቡር ሚስተር ሲድኒ ኦልድሮይድ ናቸው። የሆልምክሊፍ ታውን የዕድሜ ልክ ደጋፊ፣ የቦዩ ዳር ትሪቡን ነባር፣ ረድፍ አሥር፣ መቀመጫ አሥራ ሰባት። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው አውቶቡሱን ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለው እያስነሱ ሰው ጥለው ይሄዱ ነበር የሚል ሐሜት አለ፤ እኔ አላረጋገጥኩም፤ ግን አልገረመኝም።

እኔ ከኋላቸው ነው የምቀመጠው፣ ረድፍ አሥራ አንድ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚስተር ኦልድሮይድን ማጅራት እያየሁ ኳስ ተመልክቻለሁ። ማጅራታቸው ምን እያሰቡ እንደሆነ ይናገራል። በጎል ስንበልጥ ይቀላል፤ በልጠን ቆይተን አቻ ስንሆን ይነጣል፤ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይነሳሉ። ሰማንያ አንድ አይደለም፤ ሰማንያ ሦስት አይደለም። መጀመሪያ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ይቆልፋሉ። ከዚያ የጨዋታውን መጽሔት ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዘወትር የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል፣ «ይቅርታ፣ የትራፊኩ መጨናነቅ ሳይጀምር ልሂድ» ይላሉ። በዚያ ረድፍ ላይ እስከ መውጫው ድረስ አሥራ ስድስት ሰው ተቀምጧል። አሥራ ስድስቱም ትኩስ ሻዩን፣ የስጋ ፓዩንና ጉልበቱን ያነሳል። ሚስተር ኦልድሮይድ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በጎን እየተራመዱ ያልፋሉ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከዚያ ረድፍ ማንም ሰው ሜዳውን አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ስለ ትራፊኩ። እኔ የዚህ ከተማ ፖስተኛ ነኝ። ቴንተር ሌን፣ ቁጥር አሥራ አራት የሚስተር ኦልድሮይድ ቤት ነው፤ ደብዳቤያቸውን የማደርሰው እኔ ነኝ። መኪና የላቸውም። አውቶቡስ መንዳት ካቆሙ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ቤታቸው ከሜዳው በእግር አራት ደቂቃ ነው፤ ነፋሱ ከፊት ከመጣ አምስት። በዚያ መንገድ ላይ የማውቀው ትራፊክ የቄሱ ድመት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድም ቀን «የምን ትራፊክ?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰውዬው በዚህ ከተማ የተከበሩ ናቸው። ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ ጠይቋቸዋል፤ መልስ ያገኘ የለም።

በዚህ ልማዳቸው ያመለጣቸውን ጎል የቆጠሩ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩ ላይ አይስማሙም። እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንዱን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት ከዋርድልተን ጋር ስንጫወት ሦስት ለዜሮ እየተመራን ነበር። ሚስተር ኦልድሮይድ በሰዓታቸው ተነሱ፤ ይቅርታቸውን አሉ፤ ወጡ። በሩ ከኋላቸው ገና ሳይዘጋ አንድ አገባን። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። በጭማሪው ሰዓት አራተኛውን ስናገባ የማላውቀው ሰው ግንባሬን ሳመኝ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ሚስተር ኦልድሮይድ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። መጨረሻ ላይ ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር መሰለኝ አሉኝና የጋዙን ደረሰኝ ተቀብለውኝ ገቡ።

ነገሩ በኳስ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለቤታቸው ሂልዳ እንደምትለው በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ወጥተዋል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው መዝሙር ሲጀመር እሳቸው ደጁ ላይ ናቸው። ሲኒማ ቤት ከሄዱ ደግሞ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ኮታቸውን ይቆልፋሉ። የወንጀል ፊልም ይወዳሉ፤ ግን በሕይወታቸው ነፍሰ ገዳይ ሲያዝ አይተው አያውቁም። ሂልዳ አንድ ቀን እንደነገረችኝ ከሆነ፣ በሚስተር ኦልድሮይድ ግምት በዚህ አገር በትንሹ ሁለት መቶ ነፍሰ ገዳዮች በነፃ ይዘዋወራሉ። ማታ በሩን ሁለት ጊዜ የሚቆልፉት ለዚህ ነው አለችኝ፤ ስቃ ይሁን ከልቧ አልለየሁትም።

አሁን ወደ ምስጢሩ ልምጣ። ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ከዚህ በላይ መጠበቁ ዋጋ እንደሌለው በኋላ ትረዱታላችሁ።

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ስልኬ ጮኸ። እህቴ ነበረች፤ ምጥ ላይ ነበረች፤ መስማት ስላልቻልኩ ከትሪቡኑ ወጥቼ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከትሪቡኑ ጀርባ የቆሻሻ ገንዳዎቹና ባዶ የቢራ በርሜሎች የሚቀመጡበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ፣ በሁለት ገንዳዎች መካከል፣ ሚስተር ኦልድሮይድ ቆመው አገኘኋቸው። ከወጡ አምስት ደቂቃ ሆኗቸዋል፤ በኔ ስሌት ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ማውለቅ ነበረባቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግራ ጆሯቸውን ከጡቡ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

እግሬን ሰምተው ዓይናቸውን ገለጡ። 

«ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

አልናገርም አልኳቸው። ዝም ብዬ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። እሳቸውም ይህን አይተው፣ ጆሯቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነገሩኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እያሉ ከአባታቸው ጋር ይመጡ ነበር። ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ለመውጣት አንዲት ነጥብ ብቻ የቀረው ቀን ነበር፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ጎል ገባብንና ሁሉም ነገር ቀረ።

«አባቴ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው» አሉኝ። «እናቴ ስትሞት አላለቀሰም። የዚያን ቀን ግን አራት ሺህ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን ማየት አልቻልኩም። መስማት ግን እችላለሁ።»

ይኸው ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀድመው ወደ ቤት ሄደው አያውቁም። ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ በገንዳዎቹ መካከል ቆመው ያዳምጡ ነበር። ዝናብ ሲዘንብም። በረዶ ሲጥልም። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልፉ እኔም ጉልበቴን ላነሳላቸው እፈልግ ነበር፤ ግን ከኋላ ረድፍ ስለሆንኩ የሚያነሱት ሌሎች ናቸው።

ባለፈው ግንቦት የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ነገሩ አጭር ነው። የምንጫወተው ከአራቱ የፕሮፌሽናል ሊጎች በመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ ማለት ተጫዋቾቹ ቀን ቀን ቧንቧ እየሠሩ ማታ ማታ የሚለማመዱበት ዓለም ውስጥ መግባት ማለት ነው። ሆልምክሊፍ ታውን ሸማኔዎች ካቋቋሙት ጀምሮ፣ ዘጠና ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እዚያ ወርዶ አያውቅም። በዚያ ቅዳሜ የሚወርደው አንድ ቡድን ነበር፤ እሱም ወይ እኛ ወይም ፔንደርሊ ሮቨርስ። ፔንደርሊ ማለት ከኮረብታው ማዶ፣ አሥራ አንድ ማይል ርቀት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለ ሰዎቿ የምናስበውን እዚህ አልጽፍም። እርስ በርስ ነበር የምንጫወተው፤ ያውም በኛ ሜዳ። እነሱ በአንድ ነጥብ ስለሚበልጡን አቻ ይበቃቸው ነበር። እኛ ከማሸነፍ በቀር መውጫ አልነበረንም።

እዚህ ላይ ሞሪን ትገባለች። ሞሪን ፒከርስጊል፣ ዕድሜዋ ስልሳ ዘጠኝ፣ መቀመጫዋ አሥራ ስድስት፣ ማለት ከሚስተር ኦልድሮይድ አጠገብ። ሚስስ ብሎ የሚጠራት ሰው ስለማትወድ ሁላችንም ሞሪን ነው የምንላት። ሠላሳ አምስት ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ድምፅዋ እስከ ተቃራኒው ጎል ድረስ ይሰማል። አራት ለዜሮ እየተመራንም «አንድ ብናገባ ይደነግጣሉ» የምትል ሴት ናት። ከዚያ ቀን ስድስት ሳምንት በፊት የቀኝ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና ቀይረውላት በሁለት ክራንች ነበር የምትሄደው። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳትነካ አስጠንቅቀዋታል። እሷ ግን ለዚያ ጨዋታ በሣጥንም ቢሆን ተሸክመው እንዲያስገቧት ወስናለች።

ልጇ ግራሃም ባቡር ነጂ ነው፤ ያን ቀን ተረኛ ነበር። ከጨዋታው በፊት እናቱን እስከ በሩ አምጥቶ ሚስተር ኦልድሮይድን አገኛቸውና ለብቻ ጠራቸው። እኔ ፓይ ለመግዛት ተሰልፌ ስለነበር ሰማሁ።

«ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ስለ እናቴ ከእርስዎ በቀር የማምነው ሰው የለም» አላቸው። «ብቻዋን ደረጃ እንዳትወርድብኝ። ጨዋታው ሲያልቅ እዚህ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። እስከዚያ ከአጠገቧ እንዳይርቁ ቃል ይግቡልኝ።»

ሚስተር ኦልድሮይድ ክብር ተሰምቷቸው ደረታቸውን ነፉ። ቃል ገቡ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ምን እንደገቡበት አልታያቸውም ነበር። ለኔ ወዲያው ታየኝ፤ ፓዬን ገመጥኩ።

ወደ ረድፍ አሥር የሚያወጣው ደረጃ ሠላሳ አራት ነው። በአሥራ አንድ ደቂቃ ወጡት። እሳቸው ከኋላ ሆነው ክራንቹ የሚያርፍበትን እየጠቆሙ፣ እሷ ከፊት ሆና መጠቆሙ እንደማያስፈልጋት እየነገረቻቸው።

ስለ ጨዋታው ብዙ የሚባል ደስ የሚል ነገር የለም። ፔንደርሊዎች ሺህ ሁለት መቶ ሆነው መጥተው ነበር። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ የኛው ተከላካይ ኳስ ወደ በረኛው መለሰ፤ በረኛው ሊመታት ሲል ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ፤ የነሱ አጥቂ እየተራመደ ሄዶ ባዶ ጎል ውስጥ ከተታት። ሺህ ሁለት መቶዎቹ ከዚያ በኋላ አላረፉም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ ከሚጫወቱ የሰፈር ቡድኖች ጋር እንደምንጫወት በዜማ ነገሩን። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሁለት ጊዜ አግዳሚውን መታን። ሞሪን አንድ ብናገባ ይደነግጣሉ አለች። የሚስተር ኦልድሮይድ ማጅራት እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር።

ሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ።

ኮታቸውን ቆለፉ። መጽሔቱን አጠፉ። ተነሱ። በረድፉ ላይ ያሉት ከሞሪን በቀር አሥራ አምስቱም ሰዎች ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሱ ሻያቸውን አነሱ፤ ጉልበታቸውን አነሱ።

«ሲድ፣ ወዴት?» አለች ሞሪን።

«ትራፊኩ…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ክራንቾቹን አዩ። መቀመጫዋ ሥር ተኝተው ነበር። ሚስተር ኦልድሮይድ ክራንቾቹን እያዩ ቆመው ቀሩ፤ ከግራሃም ጋር የተጨባበጡበትን እጅ በሱሪያቸው ላይ ሲያብሱ አየሁ።

ሊደራደሩ ሞከሩ። አሁን ብትወርድ ደረጃው ባዶ እንደሆነ፣ በኋላ ሰው ሲጋፋ ለጉልበቷ አደገኛ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም ይህንኑ እንደሚሉ አስረዷት። ሞሪን ዓይኗን ከኳሷ ላይ አላነሳችም።

«ጉልበቴ ምንም አላለኝም» አለች። «መሄድ ከፈለግህ ሂድ።»

«ለልጅሽ ቃል ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጥና አታጋርደኝ።»

ተቀመጡ። በዚያ ረድፍ ላይ አሥራ አምስት ኩባያ ሻይ ለጊዜው አየር ላይ ቀረ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ጉልበቱን አወረደ፤ ሌላው ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብሎ ቆየ። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ ለጎረቤቱ፣ ኦልድሮይድ ከተቀመጡማ ዛሬ በእርግጥ ዘጠና ስምንቱ ዓመት ማለቁ ነው አለው።

ሚስተር ኦልድሮይድ ግን አልተሸነፉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ግራ ጆሯቸውን ትንሽ ወደ ሜዳው አዘንብለው፣ ልክ በገንዳዎቹ መካከል እንደነበሩት ሆኑ። የጎደለው ግድግዳው ብቻ ነበር።

ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ በቀኝ መስመር ቅጣት ምት አገኘን። ስትሪንገር የተባለው አጭሩ አማካያችን መታት፤ ባፎር የተባለው ረጅሙ ተከላካያችን ከሁሉም በላይ ዘልሎ በጭንቅላቱ ገጫት፤ ኳሷ ቋሚውን ነክታ ገባች። ትሪቡኑ ተነቃነቀ። የስጋ መረቅ ከላይ ረድፍ ወደ አንገቴ ሥር ሲወርድ ተሰማኝ፤ ቅር አላለኝም። ሚስተር ኦልድሮይድ ብቻ አልተነሱም።

«በጭንቅላት ነው» አሉ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። «የግራውን ቋሚ ነክቶ ነው የገባው። ባፎር ነው አይደል?»

ሞሪን ዞር ብላ አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። አርባ ዘጠኝ ዓመት በጡብ ግድግዳ በኩል ያዳመጠ ጆሮ ነው።

አቻ ግን ለኛ ምንም አልነበረም። ፔንደርሊዎች ኳስ ወደ ትሪቡን መምታት፣ በየደቂቃው መሬት ላይ መውደቅ ጀመሩ። አራተኛው ዳኛ ሰሌዳውን ሲያነሳ ሰባት ደቂቃ ይላል። ሰባቱ ደቂቃ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ የሚጮህ ሰው ግን የለም። አንዲት ሴት ከኋላዬ የባሏን ስም ደጋግማ ትጠራለች፤ ባሏ አጠገቧ ነበር። ሞሪን እንኳን መናገር አቁማ አንድ ክራንች አንስታ እንደ ባንዲራ እንጨት ጨብጣ ቆማለች፤ ሐኪሞቹ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር።

ከዚያ ወደ ሚስተር ኦልድሮይድ ጎንበስ አለች።

«ዓይንህን ክፈት፣ ሲድ።»

«ጆሮዬ ይበቃኛል።»

«አባትህ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው» አለች፣ ያ የሚታወቀው ድምፅዋ ጠፍቶ በለሆሳስ። «ዛሬ የሚያፍርብህም የምታፍርበትም ሰው የለም። ከወረድን እኔም አለቅሳለሁ። አብረን ነው የምናለቅሰው።»

ለካ ታውቅ ኖሯል። ሁለት ዓመት በጥርሴ የያዝኩት ምስጢር ለሷ አዲስ አልነበረም። ኋላ እንደሰማሁት ሂልዳም ታውቅ ነበር፤ በራፍ ጠባቂው ዴዝሞንድም ያውቅ ነበር። ዝናብ በሚጥልበት ቀን በመተላለፊያው አፍ ላይ አሮጌ ጃንጥላ ደግፎ የሚያስቀምጠው ዴዝሞንድ ነበር፤ ሚስተር ኦልድሮይድም ሰው የረሳው መስሏቸው ይጠለሉበት ነበር። መላው ረድፍ ያውቅ ነበር መሰለኝ። አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም።

 ሚስተር ኦልድሮይድ የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ዓይናቸውን ገለጡና ተነሱ።

የማዕዘን ምት አግኝተን ነበር። የመጨረሻው እንደሆነ ዳኛው በእጁ አሳይቷል። በረኛችን ሳይቀር ግማሽ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ፔንደርሊ ጎል ሮጠ። ሚስተር ኦልድሮይድ በሞሪን ክራንች ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው ያዩ ነበር። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። እኔ ከኋላቸው ወጥቼ ወደ ጎን ስለቆምኩ ፊታቸው ይታየኝ ነበር። ስትሪንገር ለመምታት ሲንደረደር ዓይናቸው ተከተለው። ኳሷ ስትነሳ አገጫቸው አብሯት ተነሳ። ከዚያ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ አለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ፣ በሰባ አንድ ዓመት የተሠሩት፣ አንድ ላይ ተፈቱ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ እዚያ ውስጥ ነበር። አየሁት። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሦስት ሺህ ከሚጠጋ ጉሮሮ በአንድ ጊዜ።

እንደገና ለመጀመር ጊዜ አልነበረም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሆልምክሊፍ ታውን ሁለት፣ ፔንደርሊ ሮቨርስ አንድ። ዘጠና ስምንት ዓመቱ ዘጠና ዘጠኝ ሊሆን ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ሥጋ ሻጩ በረድፉ መጥቶ ሚስተር ኦልድሮይድን አቅፎ ከመሬት አነሳቸው። የማያውቋቸው ሴቶች ሳሟቸው። እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም ነበር፤ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከወጣትነታቸው ወዲህ አይተው አያውቁማ። ሞሪን አንገታቸውን ይዛ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ፤ አራት ሺህ ሰው ፊት፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሌላው ሰውም በየራሱ ለቅሶ ላይ ነበር።

ሠላሳ አራቱን ደረጃ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። በየደረጃው አንድ ሰው እያቆመ ጎሉን እንደገና ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እያቋረጡ ያርሙታል። ታች ሲደርሱ ዴዝሞንድ ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ነበር። ሚስተር ኦልድሮይድን ሲያይ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ከዚያ እሳቸውን ተመለከተ።

«እርስዎ እዚህ ነበሩ እንዴ?» አላቸው።

«ትራፊኩ ስለበዛ ቆየሁ» አሉት።

ግራሃም የባቡር ደንብ ልብሱን እንደለበሰ ደጁ ላይ ይጠብቅ ነበር። ሚስተር ኦልድሮይድ እናቱን አስረከቡት፤ እሱ ሊያመሰግናቸው አፉን ሲከፍት ቀድመው እሳቸው አመሰገኑት። ግራሃም ለምን እንደተመሰገነ አልገባውም።

አሁን እኔም መናዘዝ አለብኝ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ይዤ ስዞር በየደጁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ጎል እንዴት ነበር? መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው አወራሁ። በረኛው ነው ያገባው አልኩ፤ ሦስት ቤት አልፌ የባፎር ጉልበት ነው አልኩ፤ ከዚያ ጋዜጣው ላይ እንዳነበብኩት የአንዱ ተቀያሪ ዳሌ ነክቷት ነው አልኩ። እውነቱ ግን ጎሉን አላየሁትም። አሥራ አራት ዓመት የደገፍኩት ቡድን በዘጠና ስምንት ዓመት ታሪኩ ያገባውን ትልቁን ጎል፣ እዚያው ትሪቡን ውስጥ ቆሜ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየሁ አመለጠኝ። እንደገና ዕድሉን ባገኝም የማየው ወደዚያው ነው።

ስለዚህ አሁን የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ወደ ቴንተር ሌን፣ ቁጥር አሥራ አራት እልካለሁ። ሚስተር ኦልድሮይድ ይነግሩታል። ከግራሃም ጋር ከተጨባበጡበት ይጀምራሉ፤ አንዱንም ደረጃ አይዘሉም። እኔ ራሴ ባለፈው ሐሙስ ለስድስተኛ ጊዜ እየሰማሁ ሳለ፣ ቦርሳዬ ሙሉ እንደሆነና ሁለት መንገድ እንደቀረኝ ተናግሬ ልሄድ ተነሳሁ። እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ» አሉኝ። «ገና ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነን።»

ተቀመጥኩ።